ቀለምን የሚያጸና ልባስ

ስለ ደቂቅ ቅንጣቶች የሲሊካ ሽፋን፤ በሆሳዕናና በአካባቢዋ ከተሞች ለሚሠሩ የሙያ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር



የዚህ ንግግር ርእስ በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ሆኖም የማይታየው ነገር ውጤቱ በየቀኑ በዓይን ይታያል፤ በውጤቱም ላይ የሰው ሕይወት ይመሠረታል። ጉዳዩ ብርሃንን በልዩ መንገድ የሚውጡና የሚመልሱ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን በሲሊካ አልብሶ ጸንተው እንዲቆዩ ማድረግ ነው። ሲሊካ ማለት የአሸዋና የመስታወት ዋና አካል የሆነ፣ ለአንድ የሲሊከን አቶም ሁለት የኦክስጅን አቶሞች የሚደርሱበት ውሁድ ነው። ቅንጣቶቹ የሚለኩት በናኖ ሜትር ሲሆን፣ አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ከ50,000 እስከ 100,000 ናኖ ሜትር ይደርሳል፤ እዚህ የሚነሡት ቅንጣቶች ግን ብዙዎቹ 40 ናኖ ሜትር ያህል ብቻ ናቸው።

እንዲህ ያለው ነገር የታላላቅ አገሮች ቤተ ሙከራ ጉዳይ እንጂ የሆሳዕና፣ የዱራሜ፣ የሾኔ ወይም የሀደሮ ጉዳይ አይደለም የሚል አስተያየት ሊነሣ ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ደቂቅ የወርቅ ቅንጣቶች በሀዲያና በከምባታ ቀበሌዎች በሚገኙ ጤና ኬላዎች መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ስማቸው አይጠራም፤ መልካቸውም ለብቻው አይታይም። በፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ላይ ብቅ የምትለው ቀይ መስመር ግን የእነርሱ ሥራ ናት።

የንግግሩ ዋና ሐሳብ አንድ ነው። አንድ መሣሪያ ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም የሚመዘነው፣ ተጉዞና ተከማችቶ በሚያገለግልበት ቀን በሚተርፈው ብቃት ነው። ያንን ብቃት ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ደግሞ የመሣሪያው ልባስ ነው። ልባስን መንደፍ፣ መፈተንና ወሰኑን ማወቅ የመሐንዲስና የኬሚስት ሥራ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ይህን ማኅበር በቀጥታ ይመለከተዋል።

ቀይዋ መስመር

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረች ከተማ ናት። ዱራሜ፣ አንጋጫና ዶዮገናም እንሰት የሚበዛባቸው ደጋማ ሥፍራዎች ናቸው። ከደጋው ወደ ምሥራቅ ሲወረድ የባደዋቾ ምድር እስከ ብላቴ ወንዝ ይዘረጋል፤ ወደ ምዕራብ ሲወረድ ደግሞ የሶሮና የጊቤ ወረዳዎች ቆላ ወደ ኦሞ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። በኢትዮጵያ ወባ በብዛት የሚታየው ከ2,000 ሜትር በታች እንደ መሆኑ መጠን፣ በዚህ አካባቢ ሁለት ዓይነት አየር ጎን ለጎን ይገኛል። በቀዝቃዛው ደጋ ያለፈ የሕክምና ዕቃ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወዳለ ሞቃት ክፍል ይገባል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ እንዲቋቋምና በእያንዳንዱም ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲመደቡ መሠረት ጥሏል። እነዚህ ሠራተኞች ማይክሮስኮፕ የላቸውም፤ ያላቸው መዳፍ የምታህል የፕላስቲክ መመርመሪያ ናት። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ሲመጣ ጣቱ ይወጋና 5 ማይክሮ ሊትር ያህል ደም በመመርመሪያዋ ላይ ይደረጋል፤ በሌላው ቀዳዳ የመመርመሪያው ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ፈሳሹ በወረቀት መሰሉ ንጣፍ ላይ እየተሳበ ሲሄድ፣ አንቲቦዲ ተሸክመው የደረቁትን የወርቅ ቅንጣቶች አርሶ ያስነሣቸዋል። በደሙ ውስጥ የወባ ተሐዋሲ ፕሮቲን ካለ አንቲቦዲው ይይዘዋል፤ ፕሮቲኑም በንጣፉ መካከል አስቀድሞ በተሠመረው ሁለተኛ አንቲቦዲ ይታገታል። በዚያ ሥፍራ እጅግ ብዙ ቅንጣቶች ሲከማቹ ቀይ መስመር ትታያለች። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መልሱ ይነበባል።

እንግዲህ ውሳኔው ሁሉ በዚህች መስመር ላይ ያረፈ ነው። መስመሯ ከታየች መድኃኒት ይሰጣል፤ ካልታየች የትኩሳቱ ምክንያት ሌላ ነው ተብሎ ይታሰባል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት በሕፃን ላይ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ከባድ ሕመም ሊለወጥ ስለሚችል፣ በመመርመሪያው እርጅና ምክንያት ደብዝዛ ሳትታይ የቀረች መስመር ተራ የዕቃ ጉድለት ተብላ አትታለፍም። እናቲቱ ልጇን አዝላ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ያንን መልስ አምና ነው።

ወርቅ ቀይ የሚሆንበት ምክንያት

ወርቅ በጌጥ ላይ ቢጫ ሆኖ ሳለ በመመርመሪያው ላይ ቀይ የሚሆንበት ምክንያት በቅንጣቱ መጠን ውስጥ ይገኛል። በወርቅ ውስጥ በነጻ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። ቅንጣቱ ከብርሃኑ ሞገድ እጅግ ባነሰ ጊዜ፣ እነዚህ ኤሌክትሮኖች በአንድነት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ፤ ውዝዋዜአቸውም በውሃ ውስጥ 520 ናኖ ሜትር ያህል የሞገድ ርዝመት ካለው አረንጓዴ ብርሃን ጋር ይገጥማል። አረንጓዴው ሲዋጥ የሚተርፈው ብርሃን ለዓይን ቀይ ሆኖ ይታያል። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1857 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት ቀዩ ፈሳሽ ደቃቅ ወርቅ መሆኑን አመለከተ፤ ጀርመናዊው ጉስታቭ ሚ ደግሞ በ1908 እ.ኤ.አ. የብርሃኑን ሥሌት በቀመር አስቀመጠው። በ1951 እ.ኤ.አ. ጆን ተርኬቪችና ባልደረቦቹ ያጠኑት፣ የወርቅ ውሁድን በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከሲትሬት ጋር የማገናኘት ዘዴ ዛሬም በብዙ ቤተ ሙከራዎች ይሠራበታል። ሲትሬት ከሎሚ አሲድ የሚገኝ ጨው ነው።

ፋራዴይ ሌላም ነገር አስተውሏል። በቀዩ ፈሳሽ ላይ ጨው ሲጨመር ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ጄላቲን አስቀድሞ ከገባበት ግን ቀለሙ ይጸናል። የዚህ ንግግር ርእስ በመሠረቱ ከዚህ ትዝብት የሚነሣ ነው። ኦስትሪያዊው ሪቻርድ ዢግሞንዲም ልዩ ልዩ ነገሮች ወርቅን ከጨው የሚጠብቁበትን ኃይል በቁጥር ለክቷል፤ ስለ ኮሎይድ ባደረገውም ምርምር የ1925 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን አግኝቷል።

ጨው ቀለሙን የሚለውጥበት ምክንያት እንዲህ ነው። አንድ ግራም ወርቅ በአንድ ኩብ ቢሠራ ጎኑ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ጠቅላላ ገጽታውም ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ያው አንድ ግራም 40 ናኖ ሜትር ወደሆኑ ሉሎች ቢከፋፈል ገጽታው 8 ካሬ ሜትር ያህል፣ ማለትም የአንዲት ትንሽ ክፍል ወለል ያህል ይሆናል። ጭማሪው ከ90,000 እጥፍ ይበልጣል። ይህን ያህል ገጽታ ያለው ነገር ዕረፍት የለውም፤ ቅንጣት ከቅንጣት ተጣብቆ ገጽታውን ለመቀነስ ዘወትር ይሻል። የሚያራርቃቸው በላያቸው ያለው ሲትሬት የሚሰጣቸው አሉታዊ ቻርጅ ብቻ ነው። ጨው ሲገባ ይህ መገፋፋት ይጋረዳል፤ ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፤ ኤሌክትሮኖቻቸው በጋራ መወዛወዝ ስለሚጀምሩ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ በመጨረሻም ወርቁ ይዘቅጣል። ደም ራሱ ጨው ያለበት ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ራቁቱን ያለ የወርቅ ቅንጣት በደም ውስጥ ሊያገለግል አይችልም።

በሥራ ላይ ባሉት መመርመሪያዎች ወርቁን የሚያለብሰው በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ ይኸውም አንቲቦዲውና ክፍት ቦታውን የሚሞላ ሌላ ፕሮቲን ነው። ከዚያም በስኳር ፈሳሽ ተነክሮ ይደርቃል፤ በታሸገ ከረጢትም ይቀመጣል። ከረጢቱን የከፈተ ሰው ሁሉ በውስጡ አንዲት ትንሽ እሽግ ያገኛል። በዚያች እሽግ ውስጥ ያለው እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ሲሊካ ጄል ነው። በዚህ መንገድ ሲሊካ ዛሬም ለመመርመሪያው ዘብ ቆሟል፤ የቆመው ግን በደጅ ነው። የተመራማሪዎች ጥያቄ ይህን ዘብ ከደጅ ወደ ቅንጣቱ ገላ ማምጣት ይቻላልን የሚል ነው።

ሲሊካ ለምን ተመረጠ

ለልባስነት የታሰበ ነገር አራት ጠባዮች ያስፈልጉታል። ብርሃንን ማሳለፍ፣ ከቅንጣቱ ጋር በኬሚካዊ መንገድ አለመዋጋት፣ በውሃ ውስጥ ተበትኖ መቆየት፣ በላዩም ሌላ ነገር እንዲተከልበት መፍቀድ ናቸው። ሲሊካ አራቱንም በመጠኑ ያሟላል። የሚታየውን ብርሃን አይውጥም። ደም በሚገኝበት የአሲድነት ደረጃ፣ ማለትም ፒኤች 7.4 ገደማ፣ ገጽታው አሉታዊ ቻርጅ ይይዛል፤ በላዩም ውሃን አጥብቆ ስለሚይዝ ከጨው የሚመጣውን ጫና ይቋቋማል። በገጽታው ላይ ያሉት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቡድኖች ደግሞ አንቲቦዲን በጠንካራ ኬሚካዊ ትስስር ለመትከል መያዣ ይሆናሉ።

የመስታወት ታሪክም ለዚህ ይመሰክራል። በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የሊኩርጎስ ጽዋ በአራተኛው ምዕት ዓመት በሮማውያን የተሠራ ሲሆን፣ ብርሃን ከፊቱ ሲበራበት አረንጓዴ፣ ከውስጡ ሲበራ ግን ቀይ ሆኖ ይታያል። ምክንያቱ በመስታወቱ ውስጥ የታሠሩ የወርቅና የብር ደቂቅ ቅንጣቶች ናቸው። ሠሪዎቹ የኤሌክትሮንን ጠባይ አያውቁም ነበር፤ ቅንጣቶቹ ግን በመስታወት ስለተከበቡ ከ1,600 ዓመታት በኋላም ሳይጣበቁ ቀለማቸውን ይዘው ቆይተዋል።

ከዚህ ይበልጥ ለዕለት ኑሮ የሚቀርብ ምሳሌ በሆሳዕና ጎዳናዎች ላይ ይታያል። ነጭ የሕንፃ ቀለም ነጭነቱን የሚያገኘው ከቲታንየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ሲቀበል ራሱን የያዘውን ማጣበቂያ ያቃጥላል። ከጊዜም በኋላ ግድግዳውን የነካ እጅ ነጭ ዱቄት ይዞ ይመለሳል፤ በደጋ ከተማ ጨረሩ ብርቱ ስለሆነ ጉዳቱ ይፋጠናል። አምራቾች ይህን ለመከላከል የዱቄቱን ቅንጣት በሲሊካና በአሉሚና ያለብሱታል። ራልፍ አይለር የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት በዱፖንት ኩባንያ ሲሠራ፣ በሌላ ጠጣር ነገር ላይ ጥቅጥቅ ያለ የሲሊካ ቆዳ የማልበስን ዘዴ በ1959 እ.ኤ.አ. በፓተንት አስመዝግቧል። ስለዚህ ሐሳቡ በፋብሪካ ደረጃ ተፈትኖ ያለፈ ነው፤ አዲሱ ነገር ወደ ናኖ ሜትር መውረዱ ነው።

የአለባበሱ ዘዴ

በ1968 እ.ኤ.አ. ቨርነር ሽቶበር፣ አርተር ፊንክና ኤርንስት ቦን መጠናቸው እኩል የሆነ የሲሊካ ሉሎችን ለመሥራት የሚያስችል ዘዴ አሳተሙ። ዘዴው በአልኮል ውስጥ ጥቂት ውሃና አሞኒያ ጨምሮ፣ ቴትራኤቲል ኦርቶሲሊኬት የተባለውን ፈሳሽ ማግባት ነው። ውሃው ፈሳሹን ይፈታዋል፤ የተፈቱትም ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ሲሊካ ይሆናሉ። ማሞቂያ ምድጃም ሆነ ከፍተኛ ግፊት አያስፈልግም፤ ሥራው በክፍል ሙቀት ይፈጸማል።

ይሁን እንጂ ሲሊካና ወርቅ በተፈጥሮአቸው አይፋቀሩም። ሲሊካው በወርቁ ላይ መትከል ሲገባው ለብቻው ሉል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ሉዊስ ሊስ ማርሳን፣ ሚኻኤል ጊርሲግና ፖል ማልቫኒ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መፍትሔ ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ አንዱ ጫፉ ወርቅን፣ ሌላው ጫፉ ሲሊካን የሚይዝ አሚኖ ሲሌን የተባለ ሞለኪውል በወርቁ ላይ ይደረጋል። ቀጥሎ በውሃ ውስጥ ከሶዲየም ሲሊኬት ከ2 እስከ 4 ናኖ ሜትር የሚሆን ስስ ልባስ በዝግታ ይተከላል። በመጨረሻም ቅንጣቶቹ ወደ አልኮል ተሻግረው በሽቶበር ዘዴ የተፈለገው ውፍረት ይደርሳሉ።

ይህ አካሄድ የጭቃ ቤት ሠርቶ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። በማገሩ ላይ አስቀድሞ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመታል፤ ጭዱ ጭቃውን ከእንጨቱ ጋር ያያይዘዋል። ከዚያ ለስላሳው ምርጊት ይከተላል፤ ቀለም የሚቀባው በመጨረሻ ነው። ጭዱ የተዘለለበት ግድግዳ በመጀመሪያው በጋ ይሰነጠቃል። አሚኖ ሲሌን የዚህ ሥራ ጭድ ነው። የፍጥነቱም ነገር እንዲሁ ነው። የሲሊካው ምንጭ በብዛትና በጥድፊያ ከተጨመረ በወርቁ ላይ ማረፉን ትቶ ለብቻው ስለሚረጋ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ብሂል በቤተ ሙከራ ውስጥም እውነት ይሆናል።

የልባሱ ውጤት በሥሌት ሊታይ ይችላል። 40 ናኖ ሜትር የሆነ የወርቅ ሉል 10 ናኖ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሊካ ቢለብስ ጠቅላላ ስፋቱ 60 ናኖ ሜትር ይሆናል። ሁለት እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች ቢነካኩ እንኳ በወርቆቹ መካከል 20 ናኖ ሜትር ርቀት ይተርፋል። ወርቅ ለወርቅ ያለው ስበትና የኤሌክትሮኖቹ መተሳሰብ በዚህ ርቀት እጅግ ይደክማል። ስለሆነም ቅንጣቶቹ ቢከማቹም ቀለሙ ቀይ ሆኖ ይቆያል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሲሊካ ለአንድ ግራም ወርቅ የሩብ ግራም ያህል ብቻ ነው።

የእንሰት አገር ሰው ይህን አሠራር በሌላ መልክ ያውቀዋል። ለቆጮ የሚሆነው ፍቅፋቂ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ በቀጥታ ከዐፈር ጋር አይገናኝም፤ ጉድጓዱ አስቀድሞ በእንሰት ቅጠል ይነጠፋል፤ ከላይም በቅጠል ተሸፍኖ ድንጋይ ይጫንበታል። ምግቡን ከዓመት ዓመት የሚያሻግረው የዚያ ስስ ቅጠል ጥንቃቄ ነው። ቅጠሉ ሲቀደድ ምን እንደሚከተል ለሀዲያና ለከምባታ እናቶች ማስረዳት አያስፈልግም።

ልባሱ ለወርቅ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ብር ከወርቅ ይልቅ ርካሽ ከመሆኑም በላይ ብርሃንን ይበልጥ በብርታት ይውጣል፤ ነገር ግን በቀላሉ ይበላሻል። ሲሊካ ሊጠብቀው ይችላል፤ ሆኖም በሽቶበር ዘዴ የሚገባው አሞኒያ ብርን ስለሚያሟሟ ለወርቅ የተጻፈው አሠራር ለብር እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም። ሌላው ወገን ኳንተም ዶት የሚባሉት፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው እንደ መጠናቸው ልዩ ልዩ ቀለም የሚያበሩ የሰሚ ኮንዳክተር ቅንጣቶች ናቸው። አሌክሲ ኤኪሞቭ በ1981 እ.ኤ.አ. ይህን ጠባይ ያስተዋለው በመስታወት ውስጥ በታሠሩ ቅንጣቶች ነው፤ እርሱም ከሉዊስ ብሩስና ከሙንጊ ባወንዲ ጋር የ2023 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተካፍሏል። ብዙዎቹ ኳንተም ዶቶች የሚሠሩት ውሃን በማይወድ ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ፣ ወደ ሕያው ነገር ለመግባት ልባስ ያሻቸዋል። ማርሴል ብሩቼዝና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. በሲሊካ የለበሱ ኳንተም ዶቶች ሴሎችን ለማቅለም እንደሚያገለግሉ አሳይተዋል።

የልባሱ ወሰን

ክቡራትና ክቡራን፤

ስለ አንድ ነገር በጎነት የሚናገር ሁሉ ወሰኑንም መናገር ይገባዋል። በመጀመሪያ፣ ሲሊካ ዘላለማዊ አይደለም። ቅርጽ አልባው ሲሊካ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና አሲድም አልካሊም ባልሆነ ውሃ ውስጥ በሊትር እስከ 120 ሚሊ ግራም ያህል ይሟሟል፤ ፒኤች ከ9 ሲያልፍ ደግሞ ሟሟነቱ በፍጥነት ያድጋል። ስለዚህ በሲሊካ የለበሰ ቅንጣት እንደ አቢጃታና እንደ ሻላ ባሉ አልካሊነታቸው በበረታ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ውሃ ውስጥ ልብሱን ያጣል። ለደም የሚስማማው ልባስ ለዚያ ውሃ አይስማማም። በደረቅ የተቀመጠ መመርመሪያ ግን ለዚህ አደጋ ብዙ አይጋለጥም።

ሁለተኛ፣ በክፍል ሙቀት የተሠራ ሲሊካ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ውሃና ኦክስጅን ቀስ በቀስ ሊያልፉበት ይችላሉ። በተለይ ለኳንተም ዶት ይህ ብርቱ ችግር ነው፤ አለባበሱ ራሱ ብርሃኑን የሚያደክምበት ጊዜም አለ። ካድሚየም ባለባቸው ቅንጣቶች ረገድ ደግሞ ልባሱ የመርዙን መውጣት ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ስለ አወጋገዳቸው አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ውፍረት ዋጋ ያስከፍላል። ሲሊካ ብርሃንን ከውሃ ይበልጥ ስለሚሰብር የወርቁን ቀለም በጥቂት ናኖ ሜትሮች ወደ ቀይ ያሸጋግረዋል፤ ልባሱ እጅግ ሲወፍር ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ የገዘፈው ቅንጣትም በንጣፉ ላይ ሲሳብ ይዘገያል።

አራተኛውና ዋናው፣ በሙቀት የሚጎዳው ወርቁ ብቻ አለመሆኑ ነው። አንቲቦዲ ፕሮቲን እንደ መሆኑ መጠን ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል፤ በንጣፉ ላይ የተሠመረውም አንቲቦዲ ከወርቁ ልባስ ጥበቃ ውጭ ነው። አምራቾች በአብዛኛው መመርመሪያው ከ30 ወይም ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እንዲቀመጥ የሚያሳስቡት ስለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ የወባ ተሐዋሲው ራሱ ሊያመልጥ ይችላል። ከ2017 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የተካሄደው ጥናት፣ ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉትን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን የማይሠሩ ተሐዋስያን መኖራቸውን አረጋግጧል። እንዲህ ያለውን ጉድለት ማንኛውም ልባስ አያቃናውም፤ መድኃኒቱ የሚፈለገውን ፕሮቲን መለወጥ ነው። መሐንዲስ የእርሱ መሣሪያ የት እንደሚያበቃ ካላወቀ፣ የሌላውን ሥራ በራሱ ሥራ ይሸፍናል።

በሆሳዕና ሊሠራ የሚችለው

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ በዚህ አካባቢ ምን ሊሠራ ይችላል የሚለው ነው። ሆሳዕና በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም የሚጠራው ሆስፒታልም በዚሁ ከተማ ይገኛል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ኬሚስት፣ ሐኪምና መሐንዲስ በአንድ ከተማ ተገኝተዋል ማለት ነው።

ሥራውም ውድ መሣሪያ በመግዛት መጀመር የለበትም። የመጀመሪያው ፈተና የጨው ፈተና ነው። የለበሰውና ያልለበሰው የወርቅ ፈሳሽ በሁለት ብልቃጥ ይቀመጣሉ፤ በሁለቱም ላይ እኩል የገበታ ጨው ውሃ ይጨመራል። ያልለበሰው በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ በዓይን ይታያል፤ የለበሰው ቀይ ሆኖ ከቆየ ልባሱ መልካም ነው። ስፔክትሮፎቶ ሜትር ባለበት ደግሞ በ520ና በ650 ናኖ ሜትር የተዋጠው ብርሃን ተለክቶ ጥምርታው ይመዘገባል፤ የሁለተኛው ድርሻ ባደገ ቁጥር ቅንጣቶቹ መጣበቃቸው ይታወቃል።

ሁለተኛው የእርጅና ፈተና ነው። ከአንድ ጊዜ ምርት የተወሰዱ የለበሱና ያልለበሱ ናሙናዎች በ45 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለወራት ይቀመጣሉ፤ አቻዎቻቸው በሆሳዕና በክፍል ሙቀት፣ ሌሎቹም በቆላ ቀበሌ መጋዘን ከቴርሞ ሜትር ጋር ይቀመጣሉ። በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ያህል ያድጋል የሚለው ልማዳዊ ግምት ለመነሻ ይረዳል፤ ነገር ግን ፕሮቲን በአንድ የሙቀት ወሰን ላይ በድንገት ሊፈርስ ስለሚችል፣ የምድጃው ውጤት የመጋዘኑን መዝገብ አይተካም። ሦስተኛው የንባብ ፈተና ነው። መስመሩን የሚያነቡ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች የትኛው ናሙና የለበሰ እንደሆነ ሳይነገራቸው ማንበብ አለባቸው። ይህ ሁሉ በሕሙማን ላይ ከመሞከሩ በፊት በቤተ ሙከራ የሚያልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ደረጃ የሕክምና ሥነ ምግባር ፈቃድን ይጠይቃል።

ስለ ጥሬ ዕቃውም መታሰብ ይገባዋል። በዝዋይና በአዳሚ ቱሉ አካባቢ ከጥንት ሐይቆች የቀረ፣ ሲሊካ የበዛበት ዳያቶማይት የተባለ ነጭ ዐፈር አለ። የጤፍ ጭድና የተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ አመድም ሲሊካ ስላለባቸው፣ ከአመዱ ሲሊካን ማውጣት በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ተጠንቷል። አመዱ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲፈላ ሶዲየም ሲሊኬት ይሰጣል፤ ይህም ለመጀመሪያው ስስ ልባስ የሚያገለግለው ውሁድ ዓይነት ነው። እርግጥ ነው፣ ብረትና ሌላ ብናኝ ያለበት ሲሊኬት ለዚህ ረቂቅ ሥራ አይበቃም፤ ማጥራቱ ራሱን የቻለ ጥናት ነው። ጥናቱ ባይሳካ እንኳ የጠራው ሲሊኬት ለሳሙና፣ ለማጣበቂያና ለእርጥበት መምጠጫ ሊውል ይችላል።

በመጨረሻም ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ ይቀርባል። የሆሳዕናና የዱራሜ አባላት ከዩኒቨርሲቲውና ከጤና ባለሙያዎች ጋር አንድ ትንሽ ቡድን ያቋቁሙ፤ ቡድኑም ከማናቸውም ሥራ በፊት ለአንድ ዓመት በተመረጡ የደጋና የቆላ ጤና ኬላ መጋዘኖች የሙቀትና የእርጥበት መዝገብ ይያዝ። ልባስ የሚነደፈው በሚታወቅ አየር ላይ ስለሆነ፣ ይህ መዝገብ ከሌለ ውፍረቱም ሆነ ፈተናው በግምት ይሆናል። የተሳካውም ያልተሳካውም ውጤት በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ይታተም፤ ያልተሳካው ሲደበቅ የሚቀጥለው ሰው በዚያው መንገድ ይደክማልና።

ወርቁ ከሩቅ አገር ይምጣ፤ አንቲቦዲውም እንዲሁ። የመጨረሻዋ የመንገድ ክፍል፣ ከከተማው መጋዘን እስከ ብላቴ ዳር ጤና ኬላ ያለችው፣ የዚህ አካባቢ ባለሙያዎች ድርሻ ናት። መመርመሪያው ያቺን መንገድ ቀለሙን ይዞ እንዲያልፍ ማድረግ ለአንድ የሙያ ማኅበር የማይበዛ፣ ለአንዲት እናት ግን ብዙ የሆነ አገልግሎት ነው።